የአሮውታውን የቻይናውያን ወርቅ አጣቢዎች ሰፈር

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘውድ፥ የጦር ሜዳና የታላላቅ ሐውልቶች ዝና ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የታላላቅ ሰዎች ሥራ በድንጋይም በብራናም ተጽፎ ስለሚኖር ለዓይን ቶሎ ይታያል። ነገር ግን ታሪክን በጥሞና ለሚመረምር ሰው፥ ጎንበስ ካላሉ የማይገባባት የአንዲት ጎጆ በር እንኳ ከትልቅ ሐውልት የማያንስ ነገር ልትነግረው ትችላለች። ስለዚህም እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች፥ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የምናቀርበው ጽሑፍ ስለ እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ጎጆዎች እንዲሆን መረጥን። ጎጆዎቹ የሚገኙት በኒውዚላንድ ነው፤ የሠሯቸውም ወርቅ ፍለጋ ከቻይና የመጡ ድኾች ሰዎች ናቸው። በታሪክ ክፍለ ጊዜያችን ካርታውን ዘርግተን፥ ፎቶግራፎቹን ተመልክተን፥ ስለ ስፍራው የተጻፈውንም አንብበን በአሳብ ጎብኝተነዋልና፥ አንባብያንም አብረውን እንዲጎበኙት እንጋብዛለን። በጽሑፋችን የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒውዚላንድ ከአውስትራልያ በስተደቡብ ምሥራቅ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ አገር ስትሆን፥ ዋና ዋናዎቹ ደሴቶቿ ሁለት ናቸው። በደቡብ በኩል ባለው ደሴት ኦታጎ የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ። በዚህ አውራጃ ውስጥ፥ ክዊንስታውን ከተባለችው ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ አሮው በሚባለው ወንዝ ዳር አሮውታውን የተባለች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ተራሮቹ በረዶ ይለብሳሉ፥ የቆመውም ውሃ ይረጋል። በጋው ደግሞ ደረቅና ሞቃት ነው። ጎብኚ በከተማዋ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉትን ዛፎችና የቀድሞዎቹን የአውሮፓውያን ቤቶች አይቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሲወርድ ቡሽ ክሪክ የሚባል ጅረት ያገኛል። የቻይናውያኑ ሰፈር በዚህ ጅረት ዳር ነው። ከከተማው መካከል ሳይሆን ከዳር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ሰፈሩ ከመግባታችን በፊት ሰዎቹ ከዚያ ስፍራ እንዴት እንደ ደረሱ መናገር ያስፈልጋል። በግንቦት ወር 1861 ጋብሪኤል ሪድ የተባለ ሰው በኦታጎ አውራጃ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ወርቅ አገኘ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተና እረኛው በጎቹን፥ ጸሐፊው ብዕሩን፥ መርከበኛውም መርከቡን እየተወ ወደ ሸለቆው ጎረፈ። በሚቀጥለው ዓመት በ1862 ደግሞ ጃክ ቴዋ የተባለ የማዎሪ ተወላጅ በአሮው ወንዝ ወርቅ ማግኘቱ ይነገራል። ማዎሪ የሚባሉት አውሮፓውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ በኒውዚላንድ ይኖሩ የነበሩት ሕዝብ ናቸው። ቀጥሎም ዊልያም ፎክስ የተባለ ወርቅ ፈላጊና ጓደኞቹ ስፍራውን ለሰው ሳይናገሩ ሲሠሩ ሰነበቱ፤ ነገር ግን የወርቅ ምሥጢር ተደብቆ አይቀርምና ወጣባቸው። በ1863 መጀመሪያ ላይ በዘበኛ ታጅቦ ከአሮው የወጣው የመጀመሪያው የወርቅ ጭነት 12,000 አውንስ ያህል ነበር፤ ይኸውም ከ300 ኪሎ ግራም ይበልጣል።

በወንዝ አሸዋ ውስጥ ያለ ወርቅ ግን ቶሎ ያልቃል። በ1864 እና በ1865 በዚያው ደሴት በምዕራብ ባሕር ዳርቻ አዲስ ወርቅ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ፥ በኦታጎ የነበሩት አውሮፓውያን ድንኳናቸውን ነቅለው ወደዚያ ሄዱ። ሸለቆው ጭር አለ። የአውራጃው ዋና ከተማ በሆነችው በዳኒዲን የነበሩትም ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚገዛቸው አጡ። ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ከተመካከሩ በኋላ፥ በአውስትራልያ በቪክቶሪያ የወርቅ ስፍራ ይሠሩ የነበሩትን ቻይናውያን ለመጋበዝ ቆረጡ። ቻይናውያኑ ታጋሾችና ትጉሃን መሆናቸው፥ ሌላው ሠርቶ በተወው መሬት ላይ እንኳ ደክመው ወርቅ ማውጣት መቻላቸው አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የአውራጃው መንግሥትም ጥበቃ እንደሚያደርግላቸው ቃል ገባ። በዚህ ግብዣ መሠረት በ1866 የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዎች መጡ፤ በ1869 መጨረሻ ላይ ግን ቁጥራቸው ከ2,000 በላይ ሆኖ ነበር።

እነዚህ ሰዎች አብዛኛዎቹ የመጡት ከደቡብ ቻይና፥ ካንቶን የምትባለው ከተማ ካለችበት ከጓንግዶንግ ክፍለ አገር ነው። በዚያ አገር ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱ ግን ጥቂት ነበር። ከ1839 እስከ 1842 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የኦፒየም ጦርነት፥ ከ1850 እስከ 1864 የቆየውም የታይፒንግ ዐመፅ አገሪቱን አደኽይቷት ነበር። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ከልጆቹ መካከል ጉልበት ያለውን መርጦ፥ ለመርከቡ ዋጋ ተበድሮ ወደ ሩቅ አገር ይልከዋል። ልጁም አሳቡ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፥ ዕዳውን ከፍሎ፥ ለወላጆቹ ገንዘብ ልኮ፥ በመጨረሻም ወደ ተወለደበት መንደር ተመልሶ መሬት ለመግዛት ነው። ሚስት ያለችውም ሚስቱን ከወላጆቹ ዘንድ ትቷት ይመጣል። በ1881 በተደረገው ቆጠራ በኒውዚላንድ የነበሩት ቻይናውያን ወንዶች 4,995 ሲሆኑ ሴቶቹ 9 ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ በአንድ መስመር የሚያልቅ ቢሆንም፥ በሁለት አገር ተከፍሎ የሚኖር የስንት ቤተሰብ ናፍቆት በውስጡ እንዳለ ማሰብ አያስቸግርም።

እንግዲህ ወደ ሰፈሩ እንግባ። ቻይናውያን በቡሽ ክሪክ ዳር መስፈር የጀመሩት በ1860ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ በሰፈሩ ውስጥ ዐሥር ያህል ጎጆዎች፥ አንድ ትልቅ የመሰብሰቢያ ቤት፥ ቢያንስ ሁለት ሱቆችና የአትክልት ቦታዎች ነበሩ። ጎጆዎቹ የተሠሩት በአካባቢው ከተገኘው ነገር ሁሉ ነው፤ አንዳንዱ የድንጋይ ካብ፥ አንዳንዱ የጭቃ ጡብ፥ ጣሪያው ደግሞ ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው። ከተራራው ሥር ያለውን ዐለት እንደ ግድግዳ አድርገው የተጠጉም አሉ። ሰው በውስጣቸው የሚያገኘው ስፍራ ለመኝታና ለእሳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። አሠራራቸው እንዲህ የጠበበው ባለቤቶቹ ቤት መሥራት ስለማያውቁ አልነበረም። በአንድ በኩል ጠባብ ቤት በጥቂት እንጨት ይሞቃል፥ በዚያ አገር ደግሞ ማገዶ ብርቅ ነበር፤ በሌላ በኩል እመለሳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን በቤት ላይ አያጠፋም።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። አፈሩንና አሸዋውን ከወንዙ ዳር ቆፍረው በገበቴ ያጥባሉ፤ ወርቅ ከአሸዋ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ገበቴው በውሃ ሲዞር ቀላሉ አሸዋ ይፈስና ወርቁ ከሥር ይቀራል። ብዙ አፈር ለማጠብ ደግሞ ረጅም የእንጨት አሸንዳ ዘርግተው ውሃ ያሳልፉበታል፤ በአሸንዳው ወለል ላይ በአግድም የተመቱት እንጨቶች ወርቁን ይይዛሉ። ውሃ በማይገኝበትም ከሩቅ ቦይ ቆፍረው ያመጣሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ለአንድ ሰው አይቻልምና፥ የአንድ መንደር ልጆች ወይም የአንድ ዘር ሰዎች በማኅበር ሆነው ይሠሩ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ቀድመዋቸው የነበሩት ሰዎች ከዚህ በኋላ ምንም የለውም ብለው የተዉትን አፈር ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ አጥበው ኑሯቸውን ከእርሱ አወጡ። ከሥራ በኋላም አትክልት ይተክላሉ፤ ጎመኑንም ሌላውንም አትክልት ለራሳቸው ከመብላት አልፈው ለከተማው ሰው ይሸጡ ነበር።

ከመካከላቸው በሥራ ዘዴ የታወቁም ተገኝተዋል። ቾይ ሱ ሆይ የተባለው የዳኒዲን ነጋዴ በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ፥ ሾቶቨር በሚባለው ወንዝ ላይ በእንፋሎት ኃይል አሸዋ የሚዝቅ መኪና አቁሞ ወርቅ ማውጣት ጀመረ። ይህ ዘዴ መልካም ፍሬ ማስገኘቱ በታየ ጊዜ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉትና፥ በኦታጎ ወንዞች ላይ የወርቅ መዛቂያ መኪናዎች በዙ።

አባቶቻችን፥ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ቀን ብር፥ በሦስተኛው ቀን መዳብ ነው ይላሉ። በኒውዚላንድ የደረሰው ነገር ይህን ተረት የሚመስል ነው። ቻይናውያኑ ሲፈለጉ ተጋበዙ፤ ቁጥራቸው ሲበዛና ወርቁ ሲያንስ ግን ሥራችንን ይወስዱብናል፥ ጠባያችንን ያበላሹብናል የሚል ጩኸት ተነሣባቸው። በ1871 የአገሩ ምክር ቤት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም መርምሮ፥ ሰዎቹ ትጉሃንና ቆጣቢዎች መሆናቸውን፥ ለአገሩ ሰላምና ጠባይ የሚያሰጉ አለመሆናቸውን ገለጸ። ይሁን እንጂ እውነት ስለ ተነገረ ብቻ ጩኸት አይቆምም። በ1881 አንድ ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ ወደ አገሩ የሚገባ እያንዳንዱ ቻይናዊ 10 ፓውንድ የራስ ግብር እንዲከፍል፥ አንድም መርከብ ከሚይዘው ጭነት ከየ10 ቶኑ ላይ ከአንድ ቻይናዊ በላይ እንዳያሳፍር ታዘዘ። በ1888 ልኩ ከ100 ቶን አንድ ሰው ሆነ። በ1896 ደግሞ ከ200 ቶን አንድ ሰው ሆኖ፥ ግብሩ ከ10 ወደ 100 ፓውንድ ከፍ አለ። ከሌላ አገር በሚመጣ ሕዝብ ላይ እንዲህ ያለ ግብር አልተጣለም ነበር።

በዚህም አላበቃም። በ1898 አገሪቱ ለድኾች ሽማግሌዎች የጡረታ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ስታወጣ፥ ቻይናውያን ግን ዜግነት የተቀበሉት ሳይቀሩ ከዚህ ሕግ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። ጉልበታቸው እስኪያልቅ ድረስ የሠሩ፥ መመለሻ ስንቅ ያላገኙ ሽማግሌዎች በየጎጆአቸው ቀሩ። በ1907 ለሚገቡት ቻይናውያን የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ታዘዘ፤ ከ1908 ጀምሮም ከ40 ዓመት በላይ ለቻይናዊ ዜግነት መስጠት ቀረ። ሕግ ሰውን ሲንቅ፥ ክፉ ሰው ደግሞ ድፍረት ያገኛል። በመስከረም ወር 1905 ሊዮኔል ቴሪ የተባለ ሰው በዋና ከተማይቱ በዌሊንግተን ጆ ኩም ዩንግ የተባለውን ሽማግሌ በመንገድ ላይ በጥይት ገደለው። ሽማግሌው ቀድሞ ወርቅ አጣቢ የነበረ ሰው ነው። ገዳዩም የገደለው ጠብ ኖሮት ሳይሆን፥ እስያውያን ወደ አገሩ እንዳይገቡ የሚለውን አሳቡን ሕዝብ እንዲሰማለት ብሎ ነበር።

ሰፈሩ ለምን ከከተማው ዳር እንደ ሆነ አሁን ግልጽ ይመስለናል። ግን ታሪኩን በዚህ ብቻ ብንተወው ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብናል። በሰፈሩ ውስጥ ከቆሙት ቤቶች ዋናው የአህ ለም ሱቅ የሚባለው ነው። ይህ ቤት በ1883 ግድም ለዎንግ ሆፕ ሊ የተሠራ ሲሆን፥ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት አህ ለም ተከራይቶት እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ነግዶበታል። በደቡብ ኒውዚላንድ ከ1800ዎቹ ከተረፉት የቻይናውያን ሱቆች መካከል እጅግ በደኅና ከተጠበቁት አንዱ ነው። በእንደዚህ ያለ ሱቅ የሚገኘው ሩዝና ሻይ ብቻ አልነበረም። ባለሱቁ በዱቤ ያበድራል፥ ወርቅ ይመዝናል፥ ማንበብ ለማይችለው ደብዳቤ ያነብለታል፥ ይጽፍለታልም፤ ገንዘብም ወደ አገር ቤት እንዲላክ ያደርጋል። ኦፒየምም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ንግዱ እስከ 1901 ድረስ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ብዙ ሰውም ብቸኝነቱንና ድካሙን ለመርሳት ብሎ በጪሱ ተጎድቷል።

አህ ለም ደንበኞቹ ቻይናውያን ብቻ አልነበሩም፤ አውሮፓውያንም ከእርሱ ይገዙ ነበር። አንድ ጊዜም በሾቶቨር ወንዝ ሊሰጥም የነበረን አውሮፓዊ ወርቅ አጣቢ እንዳዳነ ይነገርለታል። በጎረቤቶቹም ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። እኛን ቆም ብለን እንድናስብ ያደረገን ይህ ነገር ነው። በጎረቤት ዓይን ሲታይ አህ ለም የታመነ ባለሱቅ ነው፤ በሕግ ዓይን ሲታይ ግን በሚገባበት ጊዜ ግብር የሚቆረጥበት፥ ሲያረጅ ጡረታ የሚከለከል እንግዳ ነው። ሁለቱም በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዘመን የነበሩ እውነቶች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰውን በቅርብ ያወቀ ሰው እርሱን ለመጥላት እንደሚቸግረው፥ በሩቅ ሆኖ በቁጥር ብቻ የሚያስበው ግን በቀላሉ እንደሚጨክንበት ነው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ዛሬ የምናውቀውን ያህል እንድናውቅ ካደረጉት አንዱ አሌክሳንደር ዶን የተባለው የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሰው ነው። ይህ ሰው በአውስትራልያ የተወለደ ሲሆን፥ በ1879 ወደ ካንቶን ሄዶ የቻይናውያንን ቋንቋ ተማረ። ከተመለሰ በኋላ ብዙ ዓመታት በኦታጎ ተራሮች መካከል በእግሩ እየተጓዘ ወርቅ አጣቢዎቹን ከጎጆ ጎጆ ይጎበኝ ነበር። ወንጌልን ተቀብለው የተጠመቁለት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ነገር ግን በሄደበት ሁሉ የሰዎቹን ስም፥ የመጡበትን መንደር፥ የተመለሱበትን ወይም የሞቱበትን ጊዜ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ ነበር። በዚህም ዓይነት ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ስም ተመዘገበ። የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸውን ብቻ ጻፈ፤ ዶን ግን ስማቸውን ጻፈ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው አያቶቻቸውን ለማወቅ ሲፈልጉ ይህን መዝገብ ይመለከታሉ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን እኛም ከዚህ ሰው የምንማረው፥ የሰውን ስም ጠይቆ በትክክል መጻፍ ራሱ አንድ የፍቅር ሥራ መሆኑን ነው።

በእንግድነት የሞተ ሰው አጥንቱ ከአባቶቹ መቃብር እንዲገባ መመኘቱ በቻይናውያን ዘንድ ጽኑ ልማድ ነበር፤ ይህ ምኞት ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በ1883 የ230 ሰዎች ዐፅም ከመቃብር ወጥቶ በመርከብ ወደ ቻይና ተላከ። ሁለተኛውን ጉዞ ያዘጋጀው ቀደም ብለን የጠቀስነው ቾይ ሱ ሆይ ነው፤ ጉዞው ሳይፈጸም ግን በ1901 ስለ ሞተ የእርሱም አስከሬን ከተላኩት ጋር ተጫነ። በጥቅምት ወር 1902 ቬንትኖር የምትባለው መርከብ የ499 ሰዎችን ዐፅም ይዛ ከዌሊንግተን ተነሣች። ነገር ግን በመንገድ ከዐለት ጋር ተጋጭታ በሰሜኑ ደሴት ሆኪያንጋ ከሚባለው ዳርቻ ፊት ለፊት ሰጠመች፤ 13 ሰዎችም በሕይወታቸው ሳሉ ከእርሷ ጋር ጠፉ። ከዚያ በኋላ ማዕበሉ ወደ ዳርቻ ያወጣውን ዐፅም በአካባቢው የሚኖሩት ማዎሪዎች እያነሡ በራሳቸው መቃብር አጠገብ ቀበሩት። የማንም ዐፅም መሆኑን ሳይመረምሩ፥ ክፍያም ሳይጠብቁ ነው። ታሪኩም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ቆይቶ በመጨረሻ ለቻይናውያኑ ተወላጆች ደረሰ፤ እነርሱም ወደ ሆኪያንጋ ሄደው ምስጋናቸውን አቀረቡ። የመርከቧ ስባሪ በ2012 በባሕሩ ወለል ላይ ተገኘ፤ በ2021ም ለሙታኑ መታሰቢያ ቆመላቸው።

በአሮውታውን የነበረው ሰፈር ግን ነዋሪዎቹ በሞትና በመመለስ እያለቁ ሄደው ባዶ ቀረ። ጣሪያው ወደቀ፥ ግድግዳው ፈረሰ፥ ዛፍና ቍጥቋጦ አለበሰው። በ1983 የመሬት ቍፋሮ ምርመራ ሊቅ የሆነው ኔቪል ሪቺ ከረዳቶቹ ጋር ሰፈሩን ቆፍሮ መረመረ። የተገኙት ነገሮች ወርቅና ዕንቍ አልነበሩም፤ የቻይና ሸክላ ስባሪ፥ የቻይና ሳንቲም፥ ጠርሙስ፥ የኦፒየም ቆርቆሮ፥ ከምግብ የተረፈ የእንስሳት አጥንት ነበር። ሊቅ ግን ከእነዚህ ምን እንደ በሉ፥ ምን እንደ ጠጡ፥ ከአገራቸው ምን እንዳስመጡ፥ ከጎረቤት አውሮፓውያን ምን እንደ ገዙ ያነባል። ከምርመራው በኋላ የአህ ለም ሱቅና አንዳንዶቹ ጎጆዎች ታድሰው ለጎብኚ ተከፈቱ፤ ሌሎቹ መሠረታቸው ብቻ ይታያል። አህ ዋክ የተባለው ሰው መጸዳጃ ቤት እንኳ ሳይቀር በቅርስነት ተመዝግቦ ይጠበቃል። ይህን ስንሰማ በመጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይተን ስናስበው ግን ትክክል ሆኖ አገኘነው። ቅርስ የሚባለው የሚያምረው ብቻ ከሆነ፥ የድኻ ሰው ኑሮ ከታሪክ ውጭ ይቀራልና።

የራሱ ግብር በ1934 መሰብሰቡ ቆመ፥ ሕጉም በ1944 ተሻረ። በእነዚያ ዘመናት የተሰበሰበው ገንዘብ ከ300,000 ፓውንድ በላይ ነበር። የጡረታው ክልከላ በ1936 ተነሣ። በየካቲት ወር 2002 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ በቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል ላይ በመንግሥት ስም ግብሩን ለከፈሉትና ለቤተሰቦቻቸው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ግብሩን ከከፈሉት ሰዎች አብዛኛዎቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ይቅርታውን የሰሙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እንግዲህ ይቅርታ የዘገየ መሆኑ ከንቱ ያደርገዋልን? ብለን በክፍላችን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ለሞተ ሰው ይቅርታ ምን ይጠቅመዋል አሉ። የሚበዙት ግን፥ ይቅርታው ለሞቱት ብቻ ሳይሆን ለሚኖሩትም ነው፤ አያቱ በአገሩ ላይ ሸክም እንደ ነበረ ሲነገረው ያደገ ልጅ፥ አያቱ አገሩን ከሠሩት አንዱ መሆኑን ከመንግሥት አፍ ሲሰማ ራሱን ቀና ያደርጋል አሉ። ጸሐፊዎቹም በዚህ በሁለተኛው አሳብ እንስማማለን።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ያ አገር ጎጆዎቹን አፍርሶ በስፍራቸው የአትክልት መናፈሻ ቢሠራ ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመት ቢያልፍ ግብሩም፥ ክልከላውም፥ የሽማግሌዎቹም ብቸኝነት ይረሳ ነበር። ነገር ግን ጎጆዎቹ እንዲቆሙ ተደረገ። ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ ይወስዳሉ፤ ልጁም በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ፥ በዚህች ክፍል ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረ ሲባል፥ መጽሐፍ ብዙ ገጽ ጽፎ የማያስረዳውን በአንድ ጊዜ ያስተውላል። ክብሩን ብቻ የሚያቆይ ሕዝብ ታሪኩን ግማሹን ነው የሚያውቀው፤ ጥፋቱንም የሚያቆይ ግን ከራሱ ይማራል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ይህ ትምህርት ቤት ሲሠራ ድንጋዩን የጠረቡት፥ ውሃውን የቀዱት፥ ሌሊት በሩን የጠበቁት፥ ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እንጀራ የጋገሩት ሰዎች ነበሩ። የዲሬክተሮቹ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የእነዚያ ሰዎች ስም ግን አልተሰቀለም። ከእነርሱ መካከል በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉና፥ በሚቀጥለው ዓመት በእኛ ስፍራ የምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ስማቸውን፥ የመጡበትን አገር፥ የሠሩትንም ሥራ ጠይቃችሁ ጻፉ። ወላጆችም የምታውቁትን ንገሯቸው። የሚቀጥለው የበዓል መጽሔት ሲታተም ያ የስም ዝርዝር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢወጣ፥ ለትምህርት ቤታችን ከዚህ የሚሻል ሐውልት አይኖርም ብለን እናምናለን።